ሽንኩርት ያልገባበት ወጥ፦ አንድ ጥያቄና 34 መልስ

ጥያቄውን ኢንተርኔት ላይ የለጠፍሁት እኔ ስለሆንሁ ገለልተኛ ነኝ አልልም። ከመልስ ሰጪዎቹ እስከ ዛሬ የማመሰግናቸው አሉ፤ መንገድ ላይ ባገኛቸው ሰላም የምላቸው የማይመስለኝም አሉ። ክሩ፣ ማለትም የጥያቄውና የመልሶቹ ሰንሰለት፣ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ረዝሟል፤ አዲስ የሚመጣ ሰው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ ያንኑ ይጠይቃል። ስለዚህ የተባለውን በራሴ አፍ ላውጋችሁ።

መነሻው

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ሥራዬ በወር ሁለት ጊዜ አዲስ አበባ ያመላልሰኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ ሆዴ እየተነፋና እየቆረጠኝ፣ አንዱን ሳምንት ተቅማጥ ሌላውን ድርቀት እየተፈራረቁብኝ ኖሬያለሁ። በየክሊኒኩ አሜባ ነው፣ ጃርዲያ ነው፣ ታይፎይድ ነው፣ ጨጓራ ነው እየተባለ ያልዋጥሁት ኪኒን የለም። በመጨረሻ ባሕር ዳር አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም ሰገራና ደሜን አስመረመረ፣ አንጀቴንም በካሜራ አየ። ቁስል የለም፣ እብጠት የለም። ያለብኝ አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት መቆጣት እንደሆነ ነገረኝ። እፎይ ብዬ ልነሣ ስል አንድ ወረቀት ሰጠኝ።

ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው። ብላ በሚለው ረድፍ ብሉቤሪና ኪንዋ ተጽፈዋል። አትብላ በሚለው ደግሞ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ወተት፣ ማር፣ ማንጎ። ብላ የተባልሁትን የማርቆስን ገበያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዞር አላገኘውም። አትብላ የተባልሁት የእናቴ ጓዳ ነው።

ከሁሉ የባሰው መንገዱ ነው። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ጎሐ ጽዮን እስኪወጣ ያለውን ጠመዝማዛ መንገደኛ ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ቀን ጠዋት ሉማሜ ላይ ፍርፍር በልቼ ተሳፈርሁና፣ ገና ቁልቁለቱ ሲጀምር ሆዴ ጮኸ። የፊቴን ወንበር ብረት በሁለት እጄ ጨብጬ ኩርባ ስቆጥር ላቡ ወርዶ የሸሚዜን ኮሌታ አራሰው። አሥራ አንደኛው ኩርባ ላይ አቃተኝና ረዳቱን ተማጸንሁ። ሾፌሩ ጥግ ይዞ አቆመ፤ እኔ ከቋጥኝ ኋላ፣ ሕዝቡ በመስኮት። ስመለስ አንዲት እናት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ከፍ አድርገው እግዜር ይማርህ አሉኝ። ምርቃቱ ከሳቅ የበለጠ አሳፈረኝ። ከዚያ ወዲህ በጉዞዬ ዋዜማ እህል አልቀምስም።

ይህን ሁሉ ጽፌ ስጨርስ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ጎጃም ውስጥ ሽንኩርት ሳይገባ ወጥ የሚሠራ ሰው አለ ወይ? ካለስ እንዴት አድርጎ?

መልሶቹ

1ኛው የደረሰኝ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ነው። ከአዲስ አበባ የጻፈ ሰው ምሕረት ተመኝቶልኝ፣ ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር ደቁሼ ጠዋት በባዶ ሆድ እንድወስድ መከረኝ። 2ኛው ምክሩን ደግፎ መጠኑን አረመና ፌጦ ጨመረበት። አትንካ ከተባልሁት ሁለቱን በአንድ ስኒ ማለት ነው! ክፋት የላቸውም፤ እኛ አገር ነጭ ሽንኩርት የማይታዘዝለት የሆድ ሕመም የለም። እኔም ቀደም ብዬ ሞክሬው ሌሊቱን ሙሉ ስገላበጥ አድሬያለሁ።

3ኛዋ ቢቸና ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ያላት ሴት ናት። ወንድሜ ብላ ጀምራ፣ ሌላው ሁሉ ያለፈውን ጥያቄዬን የመለሰችው እሷ ናት። ዘይቱን ታግላለች። ሁለት ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ሳትከትፍ፣ በቢላ ጀርባ አንዴ ብቻ ጫን አድርጋ ትጨምራለች። ቡናማ ሲሆን በማንኪያ ለቅማ ታወጣዋለች። ሽታው ዘይቱ ውስጥ ይቀራል፤ ፍሬው ይጣላል። ወጥን የሚያወፍረው ሽንኩርቱ ስለሆነ፣ በሱ ፈንታ በጣም የደቀቀ ካሮትና ትንሽ ቲማቲም ታቁላላለች። በርበሬው ሲፈጭ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ያልገባበት መሆን አለበት፤ ይህ የረሳሁት ነገር ነበር። ኮረሪማ፣ ዝንጅብል፣ ጥቁር አዝሙድ እንደ ልብ ነው። ሊወጣ ሲል ከባሮ ሽንኩርት አረንጓዴውን ቅጠል ብቻ ቀንጥባ ትበትንበታለች፤ ነጩን አትነካም። አንድ ደንበኛዋ እንደ እኔ ያለ ሕመም ስላለበት ለእሱ ብላ የለመደችው ነው።

4ኛው የፍኖተ ሰላም ሰው ነኝ ባይ ነው። ሽንኩርት የሌለው ወጥ በርበሬ የተበጠበጠበት ውኃ እንደሆነ ነገረን፤ ሴትዮዋም እንዳንገባበት የምግብ ቤቷን ስም ብትጠቁመን ደግ እንደሆነ አከለበት። 5ኛው መልስ የእሷ ነው፤ አልተቆጣችም። ሽንኩርት ልጦ የማያውቅ ወንድ ስለ ሽንኩርት ሲሟገት ማየት እንደለመደች ብቻ ጻፈች። ይህች መልስ በክሩ ውስጥ ብዙ ሰው የወደዳት ሆነች።

6ኛዋን ከዚህ በኋላ ባለሙያዋ እላታለሁ፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ የሥነ ምግብ ሰው ናት። የቢቸናዋ ዘዴ ለምን እንደሚሠራ ያስረዳችን እሷ ናት። የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ጥፋት ፍሩክታን የሚባል የስኳር ዓይነት ነው። ፍሩክታን በውኃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርቱ ውኃ ሳይነካው ዘይት ውስጥ ጠብሶ ማውጣት ይቻላል። ውኃ ከገባ በኋላ መልቀም ግን ዋጋ የለውም፤ የሚቆጣው ነገር መረቁ ውስጥ ገብቷል። እኔ ለወራት ሳደርግ የኖርሁት ያንኑ ነው፦ ከወጡ ላይ ሽንኩርቱን በእንጀራ ጫፍ እየገፋሁ መረቁን አጥቅሼ መብላት። እንጀራዬን እንደ ገበሬ አረም ስነቅልበት ኖሬ ለካ አረሙን ነበር የምበላው።

በዚሁ መልሷ ነገሩን ከሥሩ አብራራችው። ወረቀቴ ላይ ያለው ዝርዝር ፎድማፕ ይባላል። አውስትራሊያ፣ ሜልቦርን ውስጥ በሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዳበረ አመጋገብ ነው። ቀጭኑ አንጀት በደንብ የማይመጥጣቸው ስኳሮች አሉ። ውኃ ይስባሉ፤ ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርዱ ደግሞ ባክቴሪያዎች ያብላሏቸውና ጋዝ ይፈጠራል። ይህ በሁሉም ሰው ሆድ ውስጥ ይሆናል። ልዩነቱ፣ የሌላው ሰው አንጀት ሲለጠጥ ዝም ይላል፤ የኛ ይጮኻል። ሊጥ ኩፍ ሲል እንዳየሁት አድርጌ ነው የተረዳሁት፤ ቡሃቃው ጠባብ ከሆነ ክዳኑን ይገፋል።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ሦስት ስህተቴን ለቀመች። አንደኛ፣ በጽሑፌ መካከል ስንዴ የተከለከልሁት ግሉተን በሚባለው ፕሮቲኑ ነው ብዬ ነበር፤ አይደለም፣ በአይቢኤስ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው እዚያም ያለው ፍሩክታን ነው። በግሉተን የሚመጣው ሴሊያክ የሚባል ሌላ በሽታ ሲሆን፣ ምርመራው ስንዴና ገብስ ከማቆም በፊት መደረግ አለበት፤ አቁሞ የተመረመረ ሰው ውጤቱ ሊያሳስተው ይችላል። ሁለተኛ፣ ዝርዝሩ የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም። ከሁለት እስከ ስድስት ሳምንት ይከለከላል፣ ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ ይፈተናል፣ የተስማማው ይቀጥላል። በስድስት ሳምንት ለውጥ ካልመጣ መተው ነው፤ ሁሉንም ሰው አይረዳም። ሦስተኛ፣ በጉዞ ዋዜማ መራብ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ለዚህ አንጀት የሚሻለው በሰዓቱ ትንሽ ትንሽ መብላት ነው። ሦስቱንም ተቀበልሁ። ሦስተኛዋን ለማመን ግን ጊዜ ወስዶብኛል።

7ኛውና 8ኛው ምስጋና ናቸው። 9ኛው ሰው ጤፍ እያለን ምን አስጨነቀን አለ፤ የጤፍ እንጀራ ራሱ መድኃኒት ነው ብሎ ደመደመ። 10ኛው ቁጣ ነው፣ በከፊልም እውነት ነው። ከጮቄ ሥር የጻፈ ሰው፣ እነሱ ጋ ያለው ገብስና ድንች እንደሆነ፣ ጤፍ ገዝቶ መብላት የደሞዝተኛ ወሬ እንደሆነ ጻፈ። ባለሙያዋ በ11ኛው ገብታ ሁለቱንም አለዘበች። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ገበያ ላይ ጤፍ ተብሎ የሚሸጠው እንጀራ ግን ገብስ ወይም ስንዴ የተቀየጠበት ሊሆን ስለሚችል መጠየቅ ይገባል። ለጮቄው ሰው ደግሞ፣ ድንቹ ከዝርዝሩ ውጭ ስለሆነ ያለ ሐሳብ እንዲበላ ነገረችው። ደስ እንዳለው ከመልሱ ያስታውቃል፤ በ12ኛው የድንቹን ዓይነትና የአፈሩን ቀለም ሳይቀር አወጋን። ከእሱ መልስ ስለ አንጀት የተማርሁት ነገር የለም፤ ግን ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

ጾም

ክሩ የሞቀው 13ኛው ላይ ነው። ከሞጣ የጻፈች ሴት በየዓመቱ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሆዷ እንደሚያምፅ፣ የጾሙ 55 ቀን እስኪያልፍ ቀበቶ እንደማታስር ተናገረች። እስከዚያ ድረስ ነገሩን ከጾም ጋር ያያያዝሁት አልነበረም። የራሴን መለስ ብዬ ሳስብ፣ ክሊኒክ የሄድሁባቸው ቀናት አብዛኞቹ የካቲትና መጋቢት ላይ ናቸው። ምን እንበላለን በጾም? ሽሮ፣ ክክ፣ ምስር፣ ሥልጆ። ሁሉም ጥራጥሬ ነው፤ ጥራጥሬ ደግሞ ጋላክቶ ኦሊጎሳካራይድ የሚባል ስኳር አለበት፤ ስሙ ብቻውን ሆድ ይነፋል። በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተርበን ቆይተን በአንድ ጊዜ እንሞላዋለን።

የሞጣዋ ሴት መላም ነበራት። ምስሩን ማታ ትነክረዋለች፤ ጠዋት ውኃውን ትደፋለች፤ በሌላ ውኃ ቀቅላ ያንንም ትደፋዋለች። ያ ስኳር በውኃ ስለሚወጣ ብዙው አብሮ ይሄዳል። ጣዕሙም እንደሚሄድ አልደበቀችም። ሽሮ ግን አስቸጋሪ ነው፦ ዱቄት ስለሆነ አይታጠብም፤ በዚያ ላይ ብዙ ቤት ሲፈጭ የደረቀ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አብሮ ይገባበታል። የቢቸናዋ በ14ኛው ገብታ፣ ባቄላና አተሩ ተነክሮ፣ ውኃው ተደፍቶ፣ ደርቆ ከተቆላና ከተከካ በኋላ ያለ ሽንኩርት ለብቻ ማስፈጨት እንደሚቻል አስረዳች። ወፍጮ ቤቱ ቀድሞ የሌላ ሰው ሽሮ ፈጭቶ ከሆነ የመጀመሪያውን አንድ ጣሳ ለጎረቤት መስጠት ነው አለች። ጎረቤት ምን አደረገ እንጂ!

15ኛው ግን ይህን ሁሉ ሳያነብ የመጣ ሰው ነው። ሕመም ብለው ጾም ለመሻር ሰበብ የሚፈልጉ እንደበዙ፣ አባቶቻችን ሽሮ በልተው ጣልያንን እንዳባረሩ ጻፈ። 16ኛው በእጥፍ ቁጣ መለሰለት፤ የቃላቱን ዓይነት አልደግመውም። 17ኛው ዲያቆን ነኝ የሚል ወጣት ሲሆን በጨዋ ቋንቋ፣ የታመመ ሰው የንስሐ አባቱን ማማከር እንዳለበት፣ ጉዳዩ በሁለቱ መካከል እንጂ በአደባባይ የሚፈረድ እንዳልሆነ ተናገረ። እኔ በ18ኛው የገባሁት ተበሳጭቼ ነው። ሥጋ ልብላ ያለ ሰው የለም፤ የጠየቅሁት ስለ ሽንኩርት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር፦ ሥጋና እንቁላል ከዚህ ዝርዝር ውጭ ናቸው፤ ፋሲካ ሲመጣ ግን ዶሮውን የሚያሰጥመው ያ ሁሉ ሽንኩርት ይጠብቀኛል። ጾሙም ፍስኩም አልማረኝም።

በ19ኛው አንድ የባሕር ዳር ሰው የጣናን ዓሣ ብትበሉ ሁሉም ይቀላል አለ። ዓሣ በጾም ይበላል፣ አይበላም የሚለው ሙግት ከዚያ ተነሥቶ ክሩን ሊውጠው ደርሶ ነበር። ባለሙያዋ ናት የመለሰችን። ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ሩዝ፣ ጥቂት ቲማቲም፣ ዝንጅብል፦ የጾም ሆኖ ሆድ የማያስቆጣ ምግብ ከዚያው ከጓሯችን እንዳለ ቆጠረችልን። ቀይ ሥርና አቮካዶ ግን በብዛት አይሆኑም። ስለ አቮካዶው ሳዝን አመሸሁ።

ግብጦ

ከ20 እስከ 24 ያለው የግብጦ ነው። የዳንግላ ሰው ግብጦ አንጀት ያረጋጋል ብሎ ጀመረ። 21ኛው፣ የሚያረጋጋው ግብጦው ሳይሆን የግብጦው አረቄ እንደሆነ አረመው፤ ከረጋም የሚረጋው ሰውየው ነው እንጂ አንጀቱ አይመስለኝም። ለማያውቅ ልንገር፦ ግብጦ እንዲሁ ቢበላ መራራ ነው፤ መራራውም መርዝነት ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ይቆላል ወይም ይቀቀላል፣ ከዚያ በጆንያ ታስሮ ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ይዘፈዘፋል። እንግዲህ ስንት ቀን? አንዱ ሦስት አለ፣ አንዱ ሰባት። አንዱ ብር ወንዝ ውስጥ የተዘፈዘፈ በአራት ቀን እንደሚጣፍጥ፣ ሌላው ግልገል ዓባይ የማያውቅ ሰው ስለ ግብጦ ባይናገር እንደሚሻል ጻፈ። ባለሙያዋ፣ ግብጦም ጥራጥሬ እንደሆነ፣ መዘፍዘፉ ሆድ የሚነፋውንም ስኳር በከፊል እንደሚያወጣው ለመናገር ሞከረች። ማን ሊሰማት?

25ኛው አጭር ነበር፤ ግን ክሩ ውስጥ እንደ እሱ ያናደደኝ የለም። በሽታው ሐሳብ የወለደው ነው፣ ሥራ ብትይዙ ይለቃችኋል የሚል ነው። 26ኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህንኑ ከዘመድም ከሐኪምም እንደሰማች፣ ፈተና ሲደርስ ከመጸዳጃ ቤት አቅራቢያ ወንበር ለመያዝ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንደምትነሣ ጻፈች። ሰውየው እሷ ቦታ አንድ ቀን ቢውል ሥራ መፍታት ምን እንደሆነ ይገባው ነበር አለች። ደግ አደረገች።

ነገር ግን ባለሙያዋ በ27ኛው የተናገረችው ከሁለቱም ይለያል። አንጀትና አንጎል በነርቭ እየተነጋገሩ ይኖራሉ። ጭንቀት አንጀትን ያስቆጣል፤ የተቆጣ አንጀትም ሰውን ያስጨንቃል። ይህ ማለት ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። አንዳንዱ ሰው ላይ የሚጀምረው ከከባድ የሆድ ኢንፌክሽን በኋላ ነው፤ ተሐዋሲው ጠፍቶ ቁጣው ይቀራል። የኔም ነገር የጀመረው አንድ ክረምት ጃርዲያ ካጋደመኝ በኋላ ስለሆነ ይህን ሳነብ ብድግ ብዬ ተቀመጥሁ። ስለ ሐሳቡም ቢሆን እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች የምንደነቅ አይደለንም። ሆዴ ባባ፣ አንጀቴን በላው፣ ሆድ ይፍጀው እያልን ያደግን ነን፤ ሆድ የባሰው ሰው ማጭድ እንደማይታመን አያቶቻችን ያውቁ ነበር።

እዚያው ላይ ሁላችንንም አስጠነቀቀች፦ ሰገራ ውስጥ ደም፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ትኩሳት፣ የደም ማነስ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ወይም ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ለውጥ ያለበት ሰው ወጥ ማሻሻሉን ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ። አይቢኤስ የሚባለው፣ ሕመሙ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ፣ ባለፉት ሦስት ወራት በሳምንት ቢያንስ አንድ ቀን ሲሰማና ከሰገራ ለውጥ ጋር ሲያያዝ ነው። እኔን ደግሞ ለይታ ጠየቀችኝ፦ ሌሊት መገላበጤ ሕመሙ ቀስቅሶኝ ነው ወይስ ሳልተኛ ቀርቼ? ሳልተኛ ቀርቼ ነው አልኋት። ሰው እንዲህ ጠንቅቆ ሲያነበኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

28ኛው ዱቄት ሻጭ ነው፤ ስልክ ቁጥርም አስቀምጦ ነበር። በሰባት ቀን ይነቅላል አለ። በ29ኛው የቢቸናዋ፣ የጮቄው ሰውና ዲያቆኑ በአንድ ድምፅ አባረሩት። ባለ ሽንኩርቱ የፍኖተ ሰላም ሰው እንኳ ከእኛ ወገን ቆመ። ባለሙያዋ በዚህ አጋጣሚ ከአገር መድኃኒት ደግ ነገር ያለው ተልባ እንደሆነ፣ ድርቀትና መነፋት ላለበት በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ከበቂ ውኃ ጋር ሊረዳ እንደሚችል ጠቆመች። ቡናም ሻይም ተደምረው በቀን ከሦስት ስኒ እንዳይበልጡ ትመክራለች። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው፤ ጎረቤት ሳይጠራ ከቀረ።

ያደረግሁት

30ኛው የራሴ ነው፤ ከጀመርሁ ከሰባት ሳምንት በኋላ የጻፍሁት። አራት ሳምንት ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ጥራጥሬ፣ ወተትና ማር አልነካሁም። የመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልተለወጠም፤ ልተወው ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ላይ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጬ አንድ ነገር እንደጎደለ ተሰማኝ። ቆይቼ ስረዳው የሱሪዬን ቁልፍ አልፈታሁም ነበር። በሳምንት አራት ቀን ይቆርጠኝ የነበረው ወደ አንድ ወረደ።

ከዚያ መመለስ ጀመርሁ፤ አንዱን ምግብ ሦስት ቀን፣ መጠኑን ከፍ እያደረጉ። አንድ ቁራጭ ዳቦ ተስማማኝ፣ ሁለት አልተስማማኝም። የተነከረና ውኃው የተደፋ ምስር በግማሽ ጭልፋ እሺ አለ። ወተት እምቢ አለ፤ እርጎ በልኩ አልነካኝም፤ አይብም እንዲሁ። ባለሙያዋ ያለችው ልክ ነው፤ የወተቱን ስኳር እርጎ ሲሆን ባክቴሪያዎች በከፊል ይበሉታል፣ አይብ ሲሆን ብዙው ከአጓቱ ጋር ይፈስሳል። ቀይ ሽንኩርት በጣም ጥቂት ሆኖ ያልፋል። ነጭ ሽንኩርት ግን በሁለተኛው ቀን አጋድሞኝ ዋለ፤ በዚያ ቀን ከ1ኛውና ከ2ኛው መልስ ሰጪ ጋር ያለኝን ቂም አደስሁ።

የከበደኝ ግን ምግቡ አልነበረም። ፋሲካን እናቴ ጋ፣ ደብረ ኤልያስ ነው የማሳልፈው። ሽንኩርት አይስማማኝም ስላት አየችኝ፤ ሰው ምን አደረገህ የሚል አስተያየት ነው። ሰው አላደረገኝም፤ ወረቀቱንም የማሳያት አይደለም። ስልኬን አውጥቼ የቢቸናዋን መልስ አነበብሁላት። ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ ተነሥታ ለብቻ ትንሽ ድስት ጣደች። ዘይቱ ሲግል ሦስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ጣል አደረገችበት፤ ጎንበስ ብላ በጢሱ ውስጥ እያየችው፣ ቡናማ መሆን ሲጀምር በማንኪያ ጫፍ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብላ እየቆጠረች አወጣችው። እንዳይጠፋባት ነበር የምትቆጥረው። ቀምሳ ፊቷን አጨፈገገች፤ ኮረሪማ ጨመረች፤ እንደገና ቀመሰች። ከዚያ ያንን ወጥ በትልቁ እንጀራ መካከል አፍስሳ፣ የእኔን ጉርሻ እንደ ወትሮው አፈር ስሆን እያለች አጎረሰችኝ። ሦስተኛው ጉርሻ ከትልቁ ድስት ነበር። ሆን ብላ ይሁን ረስታ አልጠየቅኋትም፤ ዋጥሁት።

ይህን ከጻፍሁ በኋላ 31ኛው ሰው የእናቴን የወጥ አሠራር በዝርዝር ጠየቀኝ፤ የቢቸናዋ ነው፣ 3ኛውን አንብብ አልሁት። 32ኛው ባለ ሽንኩርቱ የፍኖተ ሰላም ሰው ነው፦ ያ ምግብ ዶሮ ቢገባበት ዶሮ ወጥ ይባላል ወይስ ሌላ ስም ይወጣለት ብሎ ጠየቀ። ለመሳለቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልስ አላገኘሁለትም። 33ኛዋ የሞጣዋ ሴት ናት፤ ዘንድሮ ጾሙን ሽሮ ለብቻ አስፈጭታ እንደጨረሰችና ቀበቶ ማሰር እንደጀመረች ጻፈች። የመጀመሪያዋን ጣሳ የተቀበለችው ጎረቤት እስከ አሁን አልጠየቀቻትም።

34ኛው ትናንት የገባ ነው። ከመርዓዊ የጻፈ ሰው፣ ግብጦ አምስት ቀን ከተዘፈዘፈ ይበቃል፣ ከአምስት ያለፈ ቆዳው ይበሰብሳል ይላል። የዳንግላው ሰው እስከ አሁን አላየውም መሰለኝ።